«ሰው ልኬልሃለሁ» ሲሏችሁ፦ በወዳጅ ዘመድ በኩል የመጣ የቤት ደንበኛ አያያዝ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት በማሻሻጥና በማከራየት ነው የምተዳደረው። ወደ ሥራው አዲስ የገቡ ልጆች እየደወሉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ አክስቴ ሰው ላከችብኝ፤ ምን ይሻለኛል?» ልብ በሉ፣ «ላከችልኝ» አይሉም። «ላከችብኝ» ነው የሚሉት። ደንበኛ መጥቶላቸው እንደ ዕዳ ይቆጥሩታል።

አልፈርድባቸውም። ከመንገድ የመጣ ደንበኛ ካልተስማማው ይሄዳል፣ በዚያው አለቀ። በአክስት በኩል የመጣው ግን ካልተስማማው ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ዕድር ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ስመልስ ስለሰለቸኝ ቅደም ተከተሉን ጽፌዋለሁ።

ከዚህ በታች ደንበኛውን የላከውን ሰው «ላኪ»፣ የመጣውን ደንበኛ «መጪ» እያልኩ እጠራለሁ። ነገሩን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ መጪው አይደለም። ላኪው በእናንተ ስም የገባው ቃል ነው። ዋጋ ነግሮታል፣ ወይም «ዘመዴ ነው፣ ኮሚሽን አይጠይቅህም» ብሎታል። እናንተ ይህን ሳታውቁ የሰው ግቢ ይዛችሁት ትገባላችሁ። ስለዚህ ከደረጃዎቹ ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አትዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ጠንካራ ደብተር። አምስት ዓምድ አስምሩበት፦ ቀን፣ መጪ፣ ላኪ፣ ላኪው ለመጪው የነገረው፣ ለላኪው የተባለለት ነገር። አራተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ ቤት ለማሳየት አትውጡ።
- የአንድ ገጽ የኮሚሽን ስምምነት፣ በሁለት ቅጂ። ጠበቃ አያስፈልገውም። በሚነበብ አማርኛ ይጻፍ።
- የታደሰ ንግድ ፈቃድ። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ያዙት። ፈቃድ ያለው ሰው ኮሚሽን ሲጠይቅ አያፍርም።
- የሦስት አራት ታማኝ ደላሎች ስልክ። ከከተማችሁ ውጭም ይኑር፤ እኔ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላምና ሞጣ ሰው አለኝ።
- ስልክ ላይ ተጽፈው የተቀመጡ ሦስት አጫጭር መልእክቶች። ምን እንደሚሉ ወደ ታች ታገኟቸዋላችሁ።

ደረጃ 1፦ መጪውን ሳታገኙ ለላኪው ደውሉ

አራት ጥያቄ ብቻ ነው። ምን ብለው ላኩት? ዋጋ ነግረውታል? ስለ ኮሚሽን ያነሡት ነገር አለ? ለእርስዎስ የሚታሰብ ነገር አለ?

የመጨረሻዋ ከአፍ አልወጣ ትላለች። በተለይ ላኪው ትልቅ ሰው ሲሆን። እኔ እንዲህ ነው የምላት፦ «እትዬ፣ ስላሰቡኝ እግዜር ይስጥልኝ። በኋላ እንዳንቀያየም፣ ለድካምዎ የሚታሰብ ካለ አሁኑኑ ይንገሩኝ።» አሥሩ ውስጥ ስምንቱ «ኧረ ወዲያ! እኔ ምን ልፈልግ» ይሏችኋል። ሁለቱ ይነግሯችኋል። ጥያቄው ለእነዚያ ለሁለቱ ነው።

ይህን ደረጃ የተማርኩት ከፍዬበት ነው። የክርስትና እናቴ ከሉማሜ አንድ ሰው ላኩልኝ። «ልጄ ነው፣ ጥሩ አድርጎ ይገዛልሃል» ብለውት ኖሯል። ስንት እንዳሉት አልጠየቅኋቸውም። ሰውየውን ይዤ ሄድኩ። ዝናብ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ጫማውን ከጭቃው ያራግፋል። የቤቱ ባለቤት እመት በረንዳ ላይ ቡና ይቆላሉ። ሰውየው ቀና ብሎ ሰላምታ ሰጠና «ሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ ነው አይደል ያላችሁት?» አለ። ሴትየዋ የነገሩኝ ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ ነው። ምጣዱን ከእሳቱ አወረዱት። ቡናው ገና አልጠቆረም ነበር። «አንተ፣ ከጀርባዬ ሌላ ዋጋ ታወራልኛለህ?» አሉኝ። እኔ እንዳልሆንኩ ባስረዳ ማን ይስማኝ። ቤቱን ከእጄ ወሰዱት፤ የክርስትና እናቴም እስከ ፋሲካ አኮረፉኝ። ዋጋውን ያሉት በመልካም ልብ ነው፤ ጎረቤታቸው ከዓመታት በፊት የሸጠበትን ነው የነገሩት። አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ ይቀር ነበር።

ላኪው የተሳሳተ ዋጋ ተናግሮ ካገኛችሁት አትቆጡ። «እኔ አስተካክልለታለሁ፣ ሲጠይቅዎ ብቻ ‹እሱ ያውቃል› ይበሉልኝ» በሉ። ላኪው ፊቱ ካልጠቆረ ቀጣዩንም ሰው ይልካል።

ደረጃ 2፦ መጪውን ራሱን ጠይቁ

ላኪው የነገራችሁን እንደ እውነት አትውሰዱ። «ሀብታም ነው፣ ዛሬውኑ ይገዛል» የተባለው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከብት ወይም ቦታ መሸጥ አለበት።

ጠይቁት፦ ገንዘቡ በእጅ ነው ወይስ የሚጠበቅ ነው? የሚወስነው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው? ከሌላ ደላላ ጋር ያየኸው ቤት አለ?

ሦስተኛው ጥያቄ ከጠብ ያድናችኋል። ሌላ ደላላ ያሳየውን ቤት እናንተ ደግማችሁ ብታሳዩ ሁለታችሁም «የኔ ነው» ትላላችሁ። ያየውን ቤት ዝርዝር ደብተራችሁ ላይ ጻፉትና ከዝርዝራችሁ አውጡት።

ወሳኙ ውጭ አገር ያለ ወንድም ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ቤት ከማሳየታችሁ በፊት በስልክ አነጋግሩት። እዚህ ያለው «ግሩም ነው» ያለውን ቤት እዚያ ያለው በቪዲዮ አይቶ «ጣሪያው ዝገት ነው» ሲል ሦስት ወር ታባክናላችሁ።

ደረጃ 3፦ በር ከመከፈቱ በፊት ኮሚሽኑን ጨርሱ

በዘመድ በኩል ለመጣ ሰው ከሚነገሩ ቃላት ሁሉ መጥፎው «የወደድከውን ትሰጠኛለህ» ነው። ቸርነት ይመስላል። ግን ሰውየውን ጭንቅ ውስጥ ትከቱታላችሁ፤ ትንሽ ሰጥቶ ያፍራል፣ ወይም ምንም ሳይሰጥ እናንተን መሸሽ ይጀምራል። እናንተም ቂም ትይዛላችሁ።

ይልቅ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ደንብ ይኑራችሁ። የእኔ እንዲህ ነው፦ ከሽያጭ የምጠይቀው 2 በመቶ ነው። ለእናት ለአባቴ ልጆችና ለክርስትና ልጆቼ ግማሹን እተዋለሁ። ለዘመድ ዘመድ፣ ለጓደኛ ጓደኛ ሙሉውን ነው። ደንቡ ስላለ «ለእንቶኔ ቀንሰህለት ለእኔ ለምን?» የሚል ሲመጣ መልስ አለኝ።

በመቶኛ አትንገሩት። በብር ንገሩት። 3,000,000 ብር ቤት ላይ 2 በመቶ 60,000 ብር ነው። ሰው «ሁለት በመቶ» ሲባል ይስቃል፤ «ስልሳ ሺህ» ሲባል ይነቃል። የሚነቃውም ዛሬ ይንቃ እንጂ ውል የሚፈራረምበት ቀን አይሁን።

የአንድ ገጹ ስምምነት ላይ እነዚህ ይግቡ፦ ማን እንደሚከፍል፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ እናንተ ያሳያችሁትን ቤት በስድስት ወር ውስጥ ራሱ ከባለቤቱ ጋር ቢጨርስ ምን እንደሚሆን። ይህቺ የመጨረሻዋ አንቀጽ ለዘመድ ነው ይበልጥ የምታስፈልገው። እንግዳ ሰው ሲዘላችሁ ጠይቃችሁ ትወጡታላችሁ። ዘመድ ሲዘላችሁ አፍራችሁ ዝም ትላላችሁ።

«ለእኔም ወረቀት?» ካላችሁ፦ «ወንድሜን ራሱን አስፈርሜዋለሁ» በሉት። እውነት እንዲሆን ደግሞ ወንድማችሁን አስፈርሙት።

ደረጃ 4፦ የላኪውን ድርሻ ለዩ

ላኪዎች ሁሉ አንድ አይደሉም።

ላኪው ደላላ ከሆነ ድርሻ አለው። መጠኑን ቤት ሳታሳዩ በመልእክት ተጻጻፉ። «እንደተለመደው» አትበሉ፤ የባሕር ዳሩና የማርቆሱ ልማድ ሲጋጭ አይቻለሁ።

ላኪው ጎረቤት ወይም ዘመድ ከሆነ በመቶኛ ቃል አትግቡ። ሥራው ሲያልቅ ስጦታ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቡና፣ ስኳር፣ ለበዓል ከሆነ ከዚያ ከፍ ያለ። በመቶኛ ቃል የተገባለት ጎረቤት በየቀኑ «አልቋል?» እያለ ይደውላል፤ መጪውንም ይወተውታል። ከደረጃ 1 ላይ ገንዘብ እፈልጋለሁ ያለ ላኪ ካለ ግን ቁርጥ ያለ ብር ተነጋገሩ፤ የሚከፈለውም የእናንተ ኮሚሽን እጃችሁ ሲገባ ብቻ ይሁን። መጪውም ይህን ይወቅ። ተደብቆ የተሰጠ ገንዘብ ማርቆስ ላይ ሳምንት አይደበቅም።

ማስጠንቀቂያ፦ ላኪው የዚያን ቤት ፋይል በእጁ የሚያዝ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ከእናንተ ምንም አይቀበል። ብርም፣ ስጦታም፣ ምሳም ቢሆን። «ደንበኛ ስለላክሁልህ ነው» ይባላል፤ ሕግ ፊት ግን ጉቦ ነው። ስሙ ሊዛወር የተዘጋጀው ፋይልም አብሮ ይነካካል። «እግዜር ይስጥልን» በሉና እዚያው ላይ አቁሙ።

ደረጃ 5፦ ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር መጪውን ጠይቁ

ላኪው ይደውላል። «ምን ደረሰ? ስንት ገዛ?» ይላል። ክፋት የለውም፤ የላከው እሱ ነው። ግን የገዛበት ዋጋ ሲወጣ በማግስቱ ብድር ጠያቂ ዘመድ ደጁ ይሰለፋል። ሻጭም እንዲሁ ነው፤ ቤት መሸጡ ሲሰማ አበዳሪው ሁሉ ይነሣል።

ስለዚህ ገና የመጀመሪያ ቀን ጠይቁት፦ «እትዬ ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» ያላችሁን ብቻ በሉ። የተጻፈችው የመጀመሪያ መልእክት ይህቺ ናት፦

«ጤና ይስጥልኝ። የላኩልኝን ሰው አግኝቼዋለሁ፣ ቤት እያየን ነው። ዝርዝሩን ከራሱ ቢሰሙ ይሻላል። ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ።»

ደረጃ 6፦ ለዘመድ ብላችሁ ወረቀት አትዝለሉ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። እንግዳ ሰው ቤት ሲሸጥ ካርታውን ሦስቴ የሚያገላብጥ ደላላ አጎቱ የላኩት ሻጭ ሲመጣ «የታወቀ ሰው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ኋላ ፍርድ ቤት የሚጠራውም በዚያው ነው።

በመጀመሪያ ካርታው ላይ ያለው ስምና መታወቂያው ላይ ያለው ስም እስከ አያት ድረስ አንድ መሆኑን እዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ቤቱ ከሚገኝበት ከተማ መሬት ጽሕፈት ቤት ይረጋገጥ። ባንክ የያዘው ቤት በአፍ ብቻ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይምጡ። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም በትዳር ውስጥ የተገኘ ቤት በአንዱ ፊርማ አይሸጥም። «አላገባሁም» ካለ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። «ተፋተናል» ካለ የፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ያሳይ።

ሦስተኛው የውርስ ቤት ነው። እኛ አገር በዘመድ በኩል የሚመጣው ሻጭ ብዙ ጊዜ የአባቱን ቤት ነው የሚሸጠው። «ወንድሞቼ ተስማምተዋል» አይበቃም። የወራሽነት ማስረጃ ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ ይፈርሙ፣ ወይም ውክልና ይስጡ። ውክልናው ደግሞ ቤት ለመሸጥ በግልጽ ሥልጣን የሚሰጥ መሆን አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለዚህ አይበቃም። ውጭ አገር ያለው እህት ወይም ወንድም ከሆነ ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታይቶ ይምጣ።

አራተኛ፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁንና ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል እንዲህ እንዲሆን ያዝዛል። በሽማግሌ ፊት የተጨባበጡት ይከበራል፤ ካርታ ግን አያዛውርም።

ቀብድ ከተቀባበሉ ደግሞ ትርጉሙን ለሁለቱም አስረዱ። በቁጥር 1885 መሠረት የሰጠው ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ዘመዳሞች ይህን ሳያውቁ ቀብድ ይቀባበሉና ኋላ «ገንዘቤን ብቻ መልስልኝ» «እጥፉን አምጣ» ላይ ይጣላሉ። መሐል ላይ ያለው ደግሞ ላኪው ነው፤ ላኪው ወደ እናንተ ይዞርባችኋል።

ኪራይ ከሆነ ቀለል ይላል። ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ የመጣ መምህር «ባልደረባዬ ልኮኝ ነው» ብሎ ይመጣል። በ1320/2016 የኪራይ አዋጅ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ አከራዩ «ስድስት ወር በቅድሚያ» ሲል ዝም ብላችሁ አታስፈርሙ።

ደረጃ 7፦ እንቢ ማለት ሲያስፈልግ ቶሎ በሉ

አራት ዓይነት የተላከ ጉዳይ አልይዝም።

የገበሬ ይዞታ ቆርሶ መሸጥ። በከተማ ዳር «ቦታ አለ፣ ርካሽ ነው» ተብሎ ይላካል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ የተገዛው ወረቀትም ካርታ አይወጣበትም። የሠራበት ቤት ሲፈርስ ገዢው ወደ ማን እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ።

የቀበሌ ቤት። ነዋሪው የሚሸጠው የራሱ ያልሆነ ነገር ነው።

በፍቺ ላይ ያሉ ባልና ሚስትን ሁለቱንም መያዝ። አንዱን ይዛችሁ ሳለ ሌላው በእህቱ በኩል ይመጣል። የሁለቱንም ምስጢር መያዝ አይቻልም። ቀድሞ የመጣውን ብቻ ያዙ፤ ሁለተኛውን ለሌላ ደላላ አስተላልፉ።

አራተኛው ዋጋ ለማስጠራት ብቻ የመጣ ሰው ነው። ይኼ ከሌሎቹ ለማወቅ ይከብዳል፤ ሦስተኛ ቤት ላይ ሲደርስ ግን ይታወቃል።

እንቢ ስትሉ ምክንያቱን ለላኪው ዘርዝራችሁ አትንገሩ። «ሰውየው ወረቀት የለውም» ብትሉ ስሙን ታጠፋላችሁ። ሁለተኛዋ መልእክት ይህቺ ናት፦

«የላኩልኝን ጉዳይ አይቼዋለሁ። እኔ የምሠራው ዓይነት አልሆነም። ለእሱም ነግሬዋለሁ። ቅር አይበልዎ፣ ሌላ ሰው ሲኖር ይላኩልኝ።»

ለሌላ ደላላ ስታስተላልፉ መጀመሪያ መጪውን አስፈቅዱ፤ ስልኩን ሳይፈቅድ አትስጡ። ለተቀባዩ ደላላ ደግሞ የምታውቁትን ችግር ሳትሸሽጉ ንገሩት። የቆሸሸ ጉዳይ አሳምሮ ያስተላለፈልኝ ሰው ነበር። ስልኩን ካነሣሁለት ቆየሁ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

ላኪውን ይዞ ቤት ማሳየት። «እኔም ልይ» ይላል። እሺ ካላችሁ ግቢው ውስጥ ሁለት ገዢ አላችሁ ማለት ነው፤ የማይከፍለው ነው ይበልጥ የሚናገረው።

ከሻጩም ከገዢውም ኮሚሽን እየተቀበሉ ለአንዱ አለመንገር። ሁለቱም ዘመዳሞች ከሆኑ ሠርግ ላይ ይነጋገራሉ።

ለዘመድ ብሎ ምርጡን ቤት ደብቆ ማቆየት። ባለቤቱ ገዢ ሲጠብቅ ወር ያልፋል፤ ዘመድ ደግሞ አይወደውም።

የኮሚሽን ገንዘብ ያለ ደረሰኝ መቀበል። በቴሌብር ወይም በባንክ ቢላክም ደረሰኝ ስጡ።

ላኪውን መርሳት። ይህን ነው ብዙዎቹ የሚረሱት።

ደረጃ 8፦ ሲያልቅም ሳያልቅም ላኪው ጋ ደውሉ

ቤቱ ተገዛም ቀረም በዚያው ቀን ለላኪው ደውሉ። ከሌላ ሰው ሲሰማው ይከፋዋል። ካልተሳካ ደግሞ መጪው የራሱን ወሬ ሳያደርስ እናንተ ቅደሙ። ስልክ ካልተነሣ ሦስተኛዋን መልእክት ላኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የላኩልኝ ሰው አራት ቤት አይቶ ለጊዜው አልተስማማውም። በሰላም ነው የተለያየነው። በእርስዎ በኩል ስለመጣ የሚያጎድልበት ነገር እንዳይኖር አድርጌያለሁ። ቅዳሜ ቡና እመጣለሁ።»

ቅዳሜ እመጣለሁ ካላችሁ ሂዱ።